ኮረም፤ ምድሩና ወሬው

አባቴ ድሬሰር ነበሩ። ስሙ ዛሬ እየተረሳ ሄደ እንጂ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሐኪም በማይደርስበት አውራጃ መርፌ የሚወጋው፣ ቁስል የሚያጥበው፣ የታመመውንም የሞተውንም በመዝገብ የሚያሰፍረው ድሬሰር ነበር። አባቴ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ከኮረም ብዙም በማይርቅ ክሊኒክ ሲሠሩ የያዙት መዝገብ ጠንካራ ልባስ ያለው፣ በዓምድ የተከፋፈለ ትልቅ ደብተር ነበር፤ ስም፣ ዕድሜ፣ አጥቢያ፣ የበሽታው ዓይነት፣ የተሰጠው መድኃኒት። በ1965 ዓ.ም. ሰው ከየሸለቆው እየወጣ በመኪና መንገድ ዳር መውደቅ በጀመረ ጊዜ፣ «የበሽታው ዓይነት» በሚለው ዓምድ ሥር «ረሃብ» ብለው መጻፍ አልቻሉም። ረሃብ በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። በዚያ ላይ ከበላያቸው ካለ ጽሕፈት ቤት፣ ያልተጣራ ቃል በሪፖርት እንዳይገባ የሚል ማሳሰቢያ ደርሷቸው ነበር። ስለዚህ ተቅማጥ ብለው ጻፉ፤ የሳንባ ምች፣ ኩፍኝ፣ ግርሻ ብለው ጻፉ። ረሃብ የገደለው ነው ብለው ባመኑበት ስም አጠገብ ግን በእርሳስ አንዲት ነጥብ ያደርጉ ነበር።

ይህን የነገሩኝ በ1980 ዓ.ም. ለሕክምና ትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ልሄድ በምሰናዳበት ሰሞን ነው። ስንት ነጥብ እንደ ነበረ ጠየቅኋቸው። «ነጥቡን የጀመርሁት ዘግይቼ ነው» አሉኝ። መዝገቡ ከለውጡ በኋላ የት እንደ ገባ አያውቁም ነበር።

የታሪክ መጻሕፍቶቻችን የመንግሥትን ኃይል የሚሰፍሩት በመሬት ነው። ማን እስከ የት ገዛ፣ ማን የትኛውን አምባ ያዘ፣ ድንበሩ በየትኛው ወንዝ አለፈ እያልን እንቆጥራለን፤ በስደት ያለነውም በየቡና ጠረጴዛው ካርታ ዘርግተን የምንጣላው በዚሁ ነው። ኮረም ራሷ የየትኛው ክልል ናት በሚለው ጥያቄ ደም ፈስሷል፤ ወደዚያ ሙግት አልገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከአሸንጌ ሐይቅ በስተ ደቡብ፣ ከአላማጣ ሜዳ በላይ በደጋው የተቀመጠችው ይህች ትንሽ ከተማ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ የዓለም ጉዳይ ሆናለች። በየጊዜው ምድሪቱን የያዘው ሌላ፣ ወሬዋን የያዘው ሌላ ነበር። ውጤቱንም በመጨረሻ የወሰነው የትኛው እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ኮረም የጦር ሰፈር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ከደሴ ተነሥተው ወደ ሰሜን ዘልቀው በአቅራቢያዋ በዋሻ ውስጥ ሰፍረው ነበር። የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከላይ የሰናፍጭ ጋዝ ያዘንባሉ። ስለዚህ መርዝ እንደ ሐኪም ጥቂት ልበል። በነካ ጊዜ ወዲያው አያቃጥልም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው ቆዳው የሚቀላው፣ ውሃ የሚቋጥረው፣ የሚላጠው፤ ዐይን ያብጣል፣ የተነፈሰው ሰው የአየር ቧንቧው ይቆስላል። ማለዳ በባዶ እግሩ እርጥብ ሣር የረገጠ ወታደር ወይም ገበሬ ምን እንደ ነካው ሳያውቅ ማታ ዐይኑ ይጠፋል። መሣሪያው ለመካድ የሚመቸውም በዚህ ነው። ጥይት ቀዳዳውን ይተዋል፤ ቃጠሎ ግን ከእሳትም ይመጣል፣ የቆዳ በሽታ ነው የሚልም አይጠፋም። የሚለየው ያየ ሐኪም ብቻ ነው።

ያዩ ሐኪሞች ደግሞ ነበሩ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ የሆነው ስዊዘርላንዳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖ በኮረም ቁስለኞቹን በዐይኑ አይቷል፤ በኋላም በመጽሐፉ ጽፎታል። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የብሪታንያ አምቡላንስ እዚያው አካባቢ እነዚህኑ ሰዎች ያክም ነበር፤ በየካቲት መጨረሻ ግን የቀይ መስቀል ምልክቱ በግልጽ እየታየ በቦምብ ተደበደበ። ከዚያ አስቀድሞ በታኅሣሥ፣ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን አምቡላንስ ተደብድቦ ነበር። ዓላማው ምስክር ማጥፋት ነበር የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ የአየር ኃይሉን ስሕተት ነው የሚሉም አሉ። እኔ የማምነው የፊተኛውን ነው። የዡኖ ምስክርነትስ የት ደረሰ? የመንግሥታቱ ማኅበር መረጃ እንዲሰጠው በጠየቀ ጊዜ የጄኔቫው ኮሚቴ ገለልተኝነቱን ምክንያት አድርጎ በእጁ ያለውን አሳልፎ አልሰጠም። ስለዚህ የኮረም ወሬ ተራራና ባሕር አቋርጦ ጄኔቫ ድረስ ከደረሰ በኋላ፣ በአንዲት ከተማ ውስጥ ካንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሳይሻገር ቀረ።

ወሬ በሌላም በኩል ይፈስ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በሬዲዮ የሚለዋወጠውን መልእክት ኢጣልያኖች እየጠለፉ ይፈቱት ነበርና፣ መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ውጊያ ሲከፈት ባዶሊዮ የሚመጣበትን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። የእኛ ሰው ጠላቱን የሚያየው በተራራው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። በዓድዋ የኢጣልያ አዛዦች በተሳሳተ ካርታ ተራራና ተራራ እየተምታታባቸው እንደ ተሸነፉ እናውቃለን፤ ከ40 ዓመት በኋላ የታወረው ወገን እኛ ሆንን።

ሚያዝያ 27 ቀን ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደው ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆሙ በእጃቸው አንድ ጋሻ መሬት አልነበረም። የኢጣልያ ጋዜጠኞች ከላይ ፉጨት ለቀቁባቸው፤ ፖሊስ አስወጣቸው። ከዚያ በኋላ በአማርኛ ተናገሩ፤ ስለ መርዙ፣ አውሮፕላኖቹ እንዴት ተሰልፈው ያርከፈክፉት እንደ ነበር በዝርዝር አስረዱ። የያዙት ወሬ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ በስደት የምንኖር ሰዎች ራሳችንን የምናሞኝበት ነገር አለ። እኛም መሬት የለንም፤ ቃል አለን፤ ስለዚህ ቃልን ከልክ በላይ እናገናለን። እውነቱ ግን የጄኔቫው ንግግር አንድ አውሮፕላን አላስቆመም። ጉባኤው በቀናት ውስጥ በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ በለንደን እያሳተመች ሳትታክት ጮኸች፤ ብሪታንያ ግን በ1938 እ.ኤ.አ. የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ተቀበለች። አርበኞች በየዱሩ ባይቆዩ፣ ሙሶሊኒም በሰኔ 1932 ዓ.ም. በብሪታንያ ላይ ጦርነት ባያውጅ ኖሮ፣ ያ ንግግር የቤተ መጻሕፍት ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ቃሉ የሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ጊዜው በደረሰ ጊዜ ጉዳዩ በሕይወት እንዲገኝ አቆየው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ የመጡት እንደ አዲስ ባለ ጉዳይ ሳይሆን፣ ዓለም ፊታቸውንና ቃላቸውን እንደሚያውቀው ሰው ነው። የኢጣልያ መንግሥት የመርዙን ነገር በመከላከያ ሚኒስትሩ አማካይነት በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከኮረም ቁስለኞች 60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ የታሪክ ምጸት የምለው የሚከተለውን ነው። መሬት ሳይኖራቸው በወሬ የኖሩት እነዚያው ንጉሠ ነገሥት፣ 14ቱንም ጠቅላይ ግዛቶች በያዙበት ዘመን ወሬ አጡ።

የጥንት ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ በሜዳ የሚያንጎራጉረው የአገሩን ሆድ ይነግራልና። ቢሮክራሲው ሲመጣ እረኛው በመዝገብ ቤት ተተካ። በ1958 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ መግባቱ ከፖሊስ ተነግሮ አገር ግዛት ሚኒስቴር ከደረሰ በኋላ፣ ወሬው ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀን እንደ ፈጀበት ተመዝግቧል። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ከወሎ አዲስ አበባ ያለው መንገድ አይደለም 302 ቀን የፈጀው። በአንድ ከተማ ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት እስከ ቤተ መንግሥት ያለው፣ ሽማግሌ በከዘራ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው መንገድ ነው።

በተማሪነቴ የሥጋ ደዌ በሽተኛ ጣቶች የሚያልቁት ተሕዋስያኑ እየበላቸው ይመስለኝ ነበር። እንዲያ አይደለም። ደዌው የሚገድለው ነርቩን ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው የጋለ ብረት ድስት ሲይዝ አያመውም፤ እሾህ ሲወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጣቱም ይሄዳል። አካሉ ሁሉ የእርሱ ነው፤ የሚደርስበትን ግን አያውቅም። የ1965ቱን መንግሥት ሳስብ የሚታየኝ ይህ ነው። ከወሎ ተነሥተው አዲስ አበባ ዳርቻ የደረሱ ገበሬዎች በፖሊስ ተመለሱ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳዩ። አንዳንድ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ነገሩን እያወቁ መንግሥትን ላለማስቀየም ዝም አሉ፤ የ1928ቱን የጄኔቫ ዝምታ ያስታውሷል። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ ዓመት በአገሪቱ ያለው እህል በጠቅላላው ያን ያህል አልጎደለም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው ያጣው የሚገዛበትን ነው። እህሉ በሚያልፍበት በዚያው የመኪና መንገድ ዳር ሰው ይወድቅ ነበር ማለት ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ የጭነት መኪናዎቹን በዐይናቸው አይተዋቸዋልና።

ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ በደርግ ትእዛዝ፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እያፈራረቁ ነው። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። አንድም ጠቅላይ ግዛት አልሸፈተም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ኤርትራ ነበረች፣ ሠራዊቱም አስቀድሞ አምጿል። ነገር ግን ዙፋኑን ለ44 ዓመት ያቆመውን ክብር በአንድ ማታ ያፈረሰው በጦር የተያዘ መሬት አልነበረም።

በቅንፍ ላስታውስ የምፈልገው፣ መሸሸግ ያን ጊዜ የተፈጠረ አለመሆኑን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም፤ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» የሚለው ነጋሪት ያን ጊዜ አልተጎሰመም። በ2004 ዓ.ም. ክረምትም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕመም ለሳምንታት ምስጢር ሆኖ ቆይቶ ነሐሴ 15 ቀን ሞታቸው ተነገረ። በመካከሉ ያለው ከመቶ ዓመት ጥቂት የሚያንስ ነው።

ደርግ ከማንም ይልቅ ይህን ትምህርት ማወቅ ነበረበት። ሥልጣን የያዘበት ማታ የዚያ ፊልም ማታ ነውና። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመውም ረሃብ ዳግመኛ እንዳይደበቅ በሚል ነበር። ኮሚሽኑም ሥራውን ሠርቷል፤ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። ለጋሾቹ ተጠራጠሩ። የአገር ቤቱ ጋዜጣና ሬዲዮ ደግሞ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል እንጂ ሌላ አያወራም ነበር፤ ለውጭ ጋዜጠኞችም በዓሉ እስኪያልፍ ወደ ሰሜን የመጓዣ ፈቃድ ተከለከለ።

እኔ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ደሴ እንኖር ነበር። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ለመስከረም 2 ሰልፍ በሰም በተቀባ ክር እንደ ተሰነገ መስመር ሆነን ስንለማመድ ከረምን። አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ጆሮአቸው ላይ ደግነው ድምፁን ዝቅ አድርገው የጀርመንን ድምፅ ይሰማሉ። ሞሐመድ አሚን በካሜራው፣ ማይክል በርክ በቃሉ ኮረምን ለዓለም ያሳዩት ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ማታ አባቴ ሬዲዮኑን ዘግተው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ። ኮረም ከደሴ የአንድ ቀን የመኪና መንገድ አይሞላም፤ እኛ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው እዚያ ሜዳ ላይ መተኛቱን የሰማነው ከኮሎኝ ከተማ ነው። ደርግ በአፍሪካ ከታወቁት ትልልቅ ጦሮች አንዱን ይዞ ነበር። የኮረምን መንገድ፣ ኬላ፣ ሰፈር ይዞ ነበር። የኮረምን ወሬ ግን ለንደን ያዘችው፤ ከዚያ በኋላ እህሉም፣ ዕርዳታው በየት በኩል ይግባ የሚለው ክርክርም፣ የሽምቅ ተዋጊዎቹ አቤቱታም ሁሉ የሚሄደው ወደዚያው ሆነ።

ለትምህርት የደረስሁባት ከተማ ኪየቭ ናት። የዓለምን ስድስተኛ የሚያህል መሬት የያዘ መንግሥት ነበር። ሰዎቹ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ነበረው የሜይ 1 ሰልፍ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። የቼርኖቢል ማመንጫ ኤፕሪል 26 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ፈነዳ፤ አደጋውን አስቀድሞ የጠረጠሩት የስዊድን መሣሪያዎች ነበሩ፤ የሞስኮ ቴሌቪዥን አጭር መግለጫ ያሰማው በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። በአምስተኛው ቀን ኪየቭ ላይ ሕፃናት አበባ ይዘው ተሰለፉ። ያከራየችኝ ሴት ልጇ በሰልፉ ላይ እንደ ነበር ነገረችኝ። እኔም የመስከረም 2ን ሰልፍ ነገርኋት። ከዚያ ቀን በኋላ ሻይ ስታፈላ ለእኔም ትጨምር ነበር። ያ ሰፊ መሬት በ1991 እ.ኤ.አ. ማንም ሳይወረው ሲበተን እዚያው ነበርሁ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ጦርነት ተነሥቶ ስልኩ በተቆረጠ ጊዜ፣ ኮረም ያሉት አክስቴ ይኑሩ ይሙቱ ሳላውቅ ወራት አለፉ። እዚህ ጀርመን አገር በሽተኛ እየመረመርሁ ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሌሎች ዘመዶቼ ከዐይኔ ተሰወሩ። የቆረጠው ወገን ለምን እንደሚቆርጥ አውቃለሁ። የማይገባኝ፣ ከኬላው ወዲያ የሚሆነውን እርሱስ በምን እንደሚያውቅ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሌላውን ስጽፍ የራሴን ወረቀት ዘልዬው መጥቻለሁ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአገር ቤት በአንድ ከተማ ሐኪም ነበርሁ። በሽተኞች መጡ፤ ዐይናቸው የጎደጎደ፣ ቆዳቸው ቆንጥረው ሲለቁት የማይመለስ፣ የሚወጣቸው የሩዝ ውሃ የመሰለ። ለየትኛውም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግልጽ ነው፤ ኮሌራ ነው። በይፋ የተሰጠው ስም ግን አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ባጭሩ «አተት» ነበር። በዚያን ጊዜ በነበረው የዓለም ጤና ደንብ ኮሌራ የታየበት አገር ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ መንግሥታት ግን ለውጭ ንግዳቸውና ለቱሪስቱ ስለሚፈሩ ስሙን ይሸሻሉ፤ የእኛ ብቻ አይደለም። ስሙ ቢቀየር ሕክምናው አይቀየርም የሚሉ የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ። በአልጋው አጠገብ እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም የሚታከሙት በፈሳሽ ነው። ከአልጋው ባሻገር ግን ጎረቤቱ ወረዳ ውሃውን የሚያፈላው፣ ጎረቤቱ አገር ኬላው ላይ የሚዘጋጀው፣ ክትባትና ገንዘብ የሚመጣው በስሙ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይቀል ነበር። ችግሩ አተት ውሸት አለመሆኑ ነው፤ ኮሌራ በእርግጥ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ነው። በ1965 ዓ.ም. የሞቱትም በእርግጥ ተቅማጥ ነበረባቸው።

ሳምንታዊውን ሪፖርት አዘጋጅቼ ኮሌራ ይጠረጠራል ብዬ ጻፍሁ። አንድ የበላይ ጠርቶኝ፣ በትሕትና፣ ወንበር ስቦልኝ፣ ቃሉን እንዳስተካክለው ጠየቀኝ። በላብራቶሪ አልተረጋገጠም አለኝ። ናሙና እንላክ አልሁት። ይታሰብበታል አለኝ። ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ። አዲሱን ወረቀት አምጥተው ሰጡኝ፤ አተት የሚል ተጽፎበታል፤ ፈረምሁ። በሁለተኛው ዓመት ከአገር ወጣሁ።

አባቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። በስልክ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ነጥብ አደረግህበት?» አሉኝ።

ሪፖርቱ በኮምፒዩተር የተጻፈ ነበር፤ ነጥብ የሚደረግበት ቦታ የለውም አልኋቸው። እንደዚያ አልሁ እንጂ፣ ጠረጴዛዬ ላይ እርሳስ ነበረ።